ነጭ ተነጥፏል

በእንዲህ ያለ ነገር የሚያምን ሰው ፈልጋችሁ ከመጣችሁ በር ተሳስታችኋል፣ ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በምኖርበት ግቢ ሴቶቹ ሲመሽ ትኩስ ውሃ ሲደፉ «ቢስሚላህ» ሳይሉ አይደፉም፣ ከመሬት በታች ያሉት እንዳይቃጠሉ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን የድንች ቅቅሌን ውሃ እዚያው ደጃፍ ላይ ደፍቼ እገባለሁ፣ ተቃጠልኩ ብሎ የከሰሰኝም የለም። ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ፣ ከዚያ ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልብስ ሰፊ ደግሞ በሜትር ያልተለካ ነገር አያምንም። ጎረቤቶቼ ጂን ሲሉ፣ አድባር ሲሉ፣ «ቁመቱ ስንት ነው? ወገቡስ?» እያልኩ አስቃቸዋለሁ። አሁን የማወራችሁን ነገር ግን ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ በምን እንደምለካው አላወቅኩም።

ዘመኑ ከሚሊኒየሙ በኋላ ነው፣ በየመንገዱ ስለ ልማትና ስለ ቱሪዝም ሰሌዳ የሚተከልበት፣ ሞባይል ያለው ሰው ሳይጠየቅ ቁጥሩን የሚናገርበት ጊዜ። የስፌት መኪናዬን ሰኞ ገበያ እትዬ ሉባባ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር የማቆመው፣ እሳቸው ከውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ እኔ ከውጭ እሰፋለሁ፣ ገዢው ሁለታችንን ሳያዳርስ አይሄድም። የእትዬ ሉባባ አያት ከየመን መጥተው ደሴ የከተሙ ነጋዴ ነበሩ፣ ቤተሰቡ ያደገው በጨርቅ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፣ ዘሃራ። ዘሃራን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ፣ በየዓመቱ የጨመረችውን ቁመት ከእናቷ ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ፣ እሷም ታላቋ ስለሆንኩ ስሜን ብቻውን ጠርታው አታውቅም፣ ሥራ አዘግይቼባት ስትናደድ እንኳ «እትዬ ታደሉ፣ አንቺስ ሰው አይደለሽም» ነው የምትለኝ፣ ስድቧም ከነማዕረጉ ነው።

አንድ ቀን ሐይቅ ዳር ሎጅ የከፈተ ሰው መጋረጃ ሊያሰፋ መጣ። የሐይቁን ስም አልጽፍም፣ እንግዳ አሸሸሽብኝ ብሎ እንዲቀየመኝ አልፈልግም፣ ከኮምቦልቻ በላይ ተራራው ላይ ደን ለብሶ የተቀመጠ ትንሽ ሐይቅ ነው ብላችሁ ያዙት። አምስት ጎጆ ሠርቻለሁ፣ መስኮቶቹ ግን ራቁታቸውን ናቸው፣ መጥተሽ ለኪልኝ፣ ሰው ይዘሽ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ አሁን እንግዳም የለኝም፣ አስጎብኚዬ አውሬውንም ወፉንም ያሳያችኋል አለኝ። ጉሬዛ አለ ወይ ብላ ከውስጥ የጠየቀችው ዘሃራ ናት፣ የምትጠቀልለውን ጨርቅ እንደያዘች ቆማ ቀርታለች። አባቷ፣ አላህ ይማራቸውና፣ በዚያ በኩል ሲነግዱ ያዩትን፣ ነጭ ካባ ደርቦ ከዛፍ ዛፍ የሚበር ጥቁር ጦጣ፣ በልጅነቷ ይነግሯት ነበር፣ ለእሷ ተረት ሆኖባት ነው ያደገችው። ኒካሗ ሊደርስ ደግሞ ወር ቀርቶታል፣ ሙሽራው የኮምቦልቻ ነጋዴ ነው፣ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ባል ቤት ከተገባ በኋላ ጉሬዛ ልይ ብሎ ነገር እንደሌለ እሷም እኔም እናውቃለን።

እትዬ ሉባባ አይሆንም አሉ። ልጃቸው ከቤት ውጭ አንድ ሌሊት አድራ አታውቅም፣ ለሠርግ የቀረበች ልጅ ውሃ ዳር አትሄድም፣ ሰው ምን ይላል፣ ይኼ ይኼ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ ሦስት ቀን ሙሉ እየሰፋሁ ስለምናቸው ሰነበትኩ፣ በአራተኛው ቀን መኪናዬን አቁሜ ተነሣሁና «እትዬ፣ በእጄ ወስጄ በእጄ አስረክብዎታለሁ» አልኳቸው። የያዙትን ጨርቅ አስቀመጡ። ከዚያ የዘሃራን እጅ ይዘው አመጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አሉኝ።

ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ ከዚያ ሱቅ ብዙ ጊዜ ወጥቻለሁ፣ እንደዚያ እጅ የከበደኝ ነገር ግን የለም።

ከፒያሳ በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን፣ ከኮምቦልቻ በባጃጅ አስፋልቱ እስኪያልቅ፣ ከዚያ በእግር፣ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ በሎጁ በቅሎ አስጭነን፣ እኩለ ቀን አለፍ ሲል ደረስን። እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ቤቴ አጠገብ መኖሩን አላውቅም ነበር፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ከየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ሐይቁ፣ ልክ እንደተተኮሰ ሐር አንድም መጨማደድ የሌለበት።

አስጎብኚው ጋሽ እንድሪስ ይባላሉ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ሰው፣ በጫማ ክር ያንጠለጠሉት የሩቅ ማያ መነጽር ከአንገታቸው አይወርድም። ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ ሕግ አወጁብን። ቀይ አይለበስም አሉ፣ ቀዩን ሻሼን አጣጥፌ ከተትኩ። ሽቶ አይቀቡም አሉ፣ ዘሃራ ከነእናቷ ቤት የኡድ ዕጣን ሽታ ነው የመጣችው፣ ፈገግ ብለው ጉሬዛው ሠርግ የተጠራ ይመስለዋል አሏትና አፈረች። ሦስተኛውን ሲናገሩ ግን ፈገግታው አልነበረም።

«ውሃው ላይም ውሃው ዳርም ስም አይጠራም። ከተለያየን እኔ ሁለት ጊዜ አጨበጭባለሁ፣ እናንተ አንድ ትመልሳላችሁ።»

ወፎቹ እንዳይበሩ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ወፍስ ይለምዳል» አሉ። «ሐይቁ ነው። ስም ይማራል።»

ዘሃራን አየኋት፣ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ ግን መቻል የለ፣ «ታዲያ አሁን ስንተኛ ክፍል ደረሰ?» አልኳቸው።

«እኔንጃ፣ እኔን ካለፈኝ ቆይቷል» አሉና እሳቸውም ሳቁ።

ከሰዓቱን ደኑ ውስጥ ይዘውን ገቡ። ጋሽ እንድሪስ ሲሄዱ ቅጠል አይሰማቸውም፣ እኔ ስሄድ ገበያ የሚበተን ይመስላል፣ ዘወር ብለው ያዩኛል፣ አስተያየታቸው ከስድብ ይብሳል። አንድ ትልቅ ሾላ ሥር እጃቸውን ዘረጉ፣ ቆምን፣ ምንም የለም፣ ቅጠልና ቅጠል ብቻ፣ አንገቴ ሊቆረጥ ደረሰ፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ራሱ የተነቃነቀ መሰለኝና አንዱ ዘለለ፣ ነጩ ጠጉር ከትከሻውና ከጎኑ እንደ ሙሽራ ካባ እየተርገበገበ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛዋ ሆዷ ላይ ድፍን ነጭ ግልገል አጣብቃለች፣ ሲወለዱ እንዲያ ናቸው፣ ጥቁረቱ በኋላ ነው የሚመጣው አሉን በሹክሹክታ። ዘሃራ መነጽሩን ተቀብላ እንኳ ወደ ዓይኗ አላነሣችውም፣ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«አባቴ አልዋሸኝም» አለች።

ለዚች ቃል ስል ሁሉንም ደግሜ ባደርገው አይቆጨኝም እላለሁ፣ ከዚያ የማግስቱ ጠዋት ትዝ ይለኝና አፌን እይዛለሁ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ጋሽ እንድሪስ መግሪብ ሊሰግዱ ሄዱ፣ እኛ ከሎጁ ወደ ውሃው በተዘረጋው የእንጨት መረማመጃ ጫፍ ላይ እግራችንን አንጠልጥለን ቀረን። ከማዶ ገደልና ደን ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዳትጠይቁኝ፣ የእኔ ነው፣ ተማሪ ከሆነማ እንፈትነው አልኩና እጆቼን አፌ ላይ ከልዬ «ዘሃራ!» ብዬ ተጣራሁ። «ዘሃራ» አለ ገደሉ። የገደል ማሚቶ ነው፣ የትም አለ፣ ሐረጎ ላይም አለ። ደገምኩ፣ ደገመ። ሠለስኩ፣ ሠለሰ። ዘሃራ በሳቅ ልትወድቅ ደረሰች፣ ተራዬ ነው አለች፣ እትዬን ግን ገደሉ አይችለውም፣ ይረዝምበታል ብላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ባዶውን «ታደሉ!» ብላ ጠራችውና በድፍረቷ ደንግጣ አፏን ሸፈነች። ገደሉ ዝም አለ። ጠበቅን፣ ዝም። አየሽ፣ ባለጌ ብሎ ዘጋሽ አልኳት፣ እየሳቅን ተነሣንና ጀርባችንን ሰጠነው።

ያን ጊዜ ነው ከኋላችን «ዘሃራ» ያለው።

እኔ የጠራሁት ሦስት ጊዜ ነው። ይኼኛው አራተኛ ነው።

ማሚቶ ይዘገያል አልኩ በሆዴ፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ እንዲያ ብዬ ፈረድኩና መንገዴን ቀጠልኩ። ጋሽ እንድሪስ ከሶላት ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘናቸው፣ ማን እንደጠራ አልጠየቁም፣ ስንት ጊዜ እንደጠራን ብቻ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሐይቁን ቆመው አዩት፣ ከዚያ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» አሉን፣ ግን ነገ ጠዋት አንድ ላይ ተቀመጡ፣ ለአፍታም አትለያዩ አሉ። ቃላቸው ቀላል ነበር፣ እኔም ቀላል አድርጌ ሰማሁት።

ክፍላችን ገብቼ ሥራ ጀመርኩ፣ መኝታው ሳይደርስ አንዱን መጋረጃ እንኳ ልቆርጥ ብዬ ነጩን ጨርቅ ከጣቃው ፈትቼ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው፣ መጋረጃ የለው፣ ክፍሉ ስለታፈነ ከፍቼዋለሁ። ዘሃራ ውዱእ አድርጋ ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ ለብሷል፣ በሩ ላይ ሳያት ከተንበረከኩበት ቀና ሳልል «ዘሃራዬ፣ ጫማሽን አውልቂና ነይ፣ ነጭ ተነጥፏል» አልኳት። ጫማዋን ደጃፍ ላይ ጎን ለጎን አድርጋ አውልቃ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ በጨርቁ ጠርዝ በኩል ገባች። ይኼን የምነግራችሁ በኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው። ያን ቃል ውሃ ዳር አልተናገርኩትም፣ ክፍሌ ውስጥ ነው የተናገርኩት፣ አንዴ ብቻ።

ጎህ ሲቀድ በራችን ላይ ሁለት ጊዜ ተጨበጨበ፣ ዘሃራ ከብርድ ልብሷ ሳትወጣ እየሳቀች አንድ መለሰች። በጀልባ ማዶ ተሻገርን፣ ጋሽ እንድሪስ ይቀዝፋሉ፣ ውሃው ከመቅዘፊያው በቀር ድምፅ የለውም። ከማዶ በሸምበቆ የታጠረች አንዲት መደበቂያ አለች፣ ከዚያ ተቀምጦ ነው ሊጠጣ የሚወርደውን የሚያዩት፣ ውሃው ከእሷ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ብዙም አልቆየን፣ ዲኩላ ከነግልገሏ ወረደች፣ ጆሮዋ አንዴ ወደ እኛ አንዴ ወደ ውሃው፣ ግልገሏ ውሃው ውስጥ የራሱን መልክ አይቶ ወደ ኋላ ሲዘል ዘሃራ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ጋሽ እንድሪስ የጀልባው ገመድ ላልቷል መሰለኝ ብለው፣ መነጽሩን ለዘሃራ ትተው ቀስ ብለው ተንሸራተው ሄዱ፣ ሲሄዱ በጣታቸው ወደ ሁለታችን አመለከቱ፣ አንድ ላይ ማለታቸው ነው።

አሁን ይቅርታ አድርጉልኝና ሽንቴ መጣ። ምን ላድርግ፣ ብርዱ ነው። ዘሃራ አብሬሽ ልምጣ አለች፣ ዲኩላዋን ታስደነግጪያለሽ፣ ቁጭ በይ አልኳት፣ ሃምሳ እርምጃ ወደ ላይ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ፣ ስንት ደቂቃ ይሆናል? ስነሣ ዓለም የለም። ጉሙ ከተራራው አልወረደም፣ ከውሃው ነው የተነሣው፣ የገዛ እጄን ዘርግቼ አላየውም፣ የደሴን ጉም የለመድኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ግን አላውቅም፣ ክብደት አለው። ቁልቁለቱን በእግሬ እየዳበስኩ ወረድኩ፣ የደረስኩት ግን መደበቂያዋ ጋ አልነበረም፣ ጀልባው ጋ ነው፣ ጋሽ እንድሪስ እኔን አይተው ወደ ጀርባዬ ተመለከቱ፣ ሌላ ሰው ፈለጉ።

«እሷስ?» አሉ።

እጄን ይዘው በሸምበቆው ጥግ ጥግ ወሰዱኝ። መደበቂያዋ ባዶ ናት። መነጽሩ በክሩ ሸምበቆው ላይ ተሰቅሏል፣ ይወዛወዛል። የእትዬ ሉባባ መዳፍ ትዝ አለኝ፣ ልጮህ አፌን ስከፍት ጋሽ እንድሪስ ጣታቸውን አነሡና «እንዳትጠሪያት» አሉኝ። ከንፈሬን ገጠምኩ። ጥርሴን በጥርሴ ላይ አድርጌ ገጠምኩ፣ ይኼን በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጄን ጭኜ እነግራችኋለሁ።

ያኔ ከውሃው ላይ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ እኔ ተጣራሁ።

«ዘሃራ።»

ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው አያውቀውም ይላሉ፣ እኔ በሠርግ ቪዲዮ ላይ ሰምቼው አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ሻካራ ነው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ ይላል። እሱ ነው። ጋሽ እንድሪስ ወደ ሐይቁ አላዩም፣ አፌን ነበር የሚያዩት። የተገጠመ አፌን እያዩ ነው ሁለተኛው የመጣው፣ ቀስ ያለ፣ ፍቅር ያለበት፣ ሥራ የያዘች ሴት ቀና ሳትል እንደምትናገረው ያለ።

«ዘሃራዬ፣ ጫማሽን አውልቂና ነይ፣ ነጭ ተነጥፏል።»

ጋሽ እንድሪስ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። ምንም የለም። ደግመው ሁለት አጨበጨቡ። ከቀኛችን፣ ከሸምበቆው ወዲያ፣ አንድ ጭብጨባ መለሰ፣ ጥርት ያለ። እሳቸው መቅዘፊያቸውን እንደያዙ ሮጡ፣ እኔ ተከተልኳቸው፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ጫማዋን ነው፣ የውሃው ጠርዝ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው አስተካክላ ያወለቀችው። ከዚያ እሷን፣ ውሃው ወገቧ ደርሷል፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ወደ ላይ ሰብስባ ቀስ እያለች፣ እንዳትረግጥ እንደምትጠነቀቅ ሰው ወደ ውስጥ ትራመዳለች።

ገብቼ አንገቷን አቅፌ ያዝኳት። ዘወር ስትል ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም፣ ግር ያላት ብቻ ናት።

«እትዬ ታደሉ፣ አንቺ እዚያ አልነበርሽም እንዴ?» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ሐይቁ መሃል እያመለከተች። «ጨርቁን ዘርግተሽ ተንበርክከሽ ነበር እኮ።»

አየሁት። ጉሙ ውሃው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል፣ ነጭ፣ ልሙጥ፣ መጨማደድ የሌለበት። ጋሽ እንድሪስ መቅዘፊያውን ከእሷ አንድ እርምጃ ፊት ለፊት ወደ ውሃው ሰደዱት፣ እስከ እጃቸው ድረስ ገባ፣ ወለል አልነካም። አወጡትና ለእኔ ብቻ አሳዩኝ።

ሎጁ ስንመለስ ባለቤቱ ነገሩን ሰምቶ አልገረመውም፣ እዚህ ደን ውስጥ የሰማውን የሚደግም ወፍ አለ፣ ፍየል ሲጮህ ይጮኻል፣ አዛንም ይሞክራል፣ ፈረንጆች ሊቀዱት መጥተው ነበር አለ። ጋሽ እንድሪስን አየሁ። «አለ» አሉ እሳቸውም፣ «ወፉስ አለ።» እኔ ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ወፍ ያዝኩት፣ እስከዛሬም አልለቀቅኩትም፣ መስኮቴ ክፍት ነበር፣ መጋረጃ የለም፣ ወፉ ደጃፌ ዛፍ ላይ አድሮ ሰምቶኛል፣ ጠዋት ደገመው፣ በቃ፣ ምን ያስቸግራል? ለጎረቤቶቼም እንዲህ ብዬ ነው የምነግራቸው፣ አምነው ይሄዳሉ።

ደሴ ስንደርስ ዘሃራን በእጄ ይዤ ሰኞ ገበያን አቋርጬ፣ ሰው እየገፋኝ፣ እጇን ሳልለቅ፣ ሱቁ ድረስ ገባሁ። እትዬ ሉባባ እጇን ከእጄ ተቀበሉ። የቀሚሷን ጫፍ አዩት፣ የደረቀ የሐይቅ ጭቃ ወገቧ ድረስ መስመር ሠርቷል፣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ጨርቅ አይሸሸግባቸውም። ተንሸራተተች አልኳቸው። ያን ያህል ዓመት አብረን ስንሠራ የዋሸኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፣ እሳቸውም እንደዋሸሁ አውቀው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ጨርቃቸው ዞሩ። መጋረጃዎቹን ቤቴ ሰፍቼ በሰው ላክሁ፣ የሚሰቅለው ሌላ ይሁን አልኩ። ነጭም አላደረግኳቸውም፣ አረንጓዴ ነው የሰፋሁለት፣ ባለ ሎጁ ተቆጣ፣ ይቆጣ።

ዘሃራ ተዳረች፣ ኮምቦልቻ ገባች፣ ወለደች፣ ደገመች። ሁለተኛውን ስትወልድ ልጠይቃት ሄጄ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ለባሏ እህቶች ያን ጠዋት እያወራሁ፣ መቼም ወሬ ሲጣፍጠኝ ታውቃላችሁ፣ እንግዲህ ያች አንድ ጭብጨባ ባትኖር ኖሮ አላገኛትም ነበር፣ ብልህ ልጅ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ሕጉን አልረሳችም ብዬ አሞገስኳት። እንግዶቹ ከወጡ በኋላ ዘሃራ ሕፃኑን ከእጄ ስትቀበለኝ ዓይኔን ሳታየኝ ተናገረች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አላጨበጨብኩም።»

አጨብጭበሻል እንጂ፣ ሰምቼሻለሁ አልኳት። ቀሚሴን በሁለት እጄ ይዤው አልነበር፣ አለችኝ። ልክ ናት፣ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሰው ቀሚሱን እንዴት እንደያዘ አይጠፋኝም፣ ስታመለክተኝም በአገጯ ነበር። ታዲያ የመለሰው ማን ነው? ወፉ ጭብጨባም ያውቃል እንበል። ወፉ ከጠራት፣ ምን ቆርጦት ደግሞ የት እንዳለች ያሳየናል? አንዱ ጠርቷት ሌላው አስመለሳት? ወይስ አንድ ነው፣ የተማረውን ሁሉ የሚሞክር? አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔና ዘሃራ አንድ ልማድ አለን፣ አንዳችን ለአንዳችን ቤት ስንደርስ ስም አንጣራም፣ በሩን እናንኳኳለን፣ አናጨበጭብም።

ይኼን ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ክረምት በሆነው ነው። ጠዋት ነው፣ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ቧንቧ ውሃ በጉም ታፍኗል፣ የግቢያችን በር አይታይም፣ እኔ መኪናዬ ላይ ነኝ። ከበሩ በኩል ድምፅ ሰማሁ። የዘሃራ ድምፅ ነው፣ ሳቅ ያለበት።

«ታደሉ።»

ደስ ብሎኝ ብድግ አልኩ፣ መቀሱን አስቀመጥኩ፣ ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ሦስተኛውን ሳነሣ ነው የገባኝ። እትዬ የለበትም።

ያ ልጅ በሕይወቷ ስሜን ባዶውን የጠራችው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ገደሉም ያን ቀን አልመለሰላትም።

ስልኬን አንሥቼ ኮምቦልቻ ደወልኩላት። ወዲያው አነሣችው፣ ከኋላዋ ልጆቿ ይንጫጫሉ፣ «እትዬ ታደሉ፣ በደህና ነው በጠዋቱ?» አለችኝ፣ በደህና ነው፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው አልኳት፣ እውነትም እኮ ነው፣ እየሰማሁት ነበር። ልትመልስልኝ ስትል ከበሬ በኩል ሁለት ጊዜ ተጨበጨበ። ቀስ ብሎ፣ በትዕግሥት፣ ልክ ጋሽ እንድሪስ እንደሚያጨበጭቡት፣ አንድ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። በስልኩም ውስጥ ሳይሰማ አልቀረም፣ ምክንያቱም ዘሃራ ልጆቿን ዝም አሰኘቻቸው።

«እትዬ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «እጅሽ የት ነው?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት።